የክንዴ አርባ

"ጳጉሜ ስድስት የት ገባች?" አለችው ሴትዮዋ በስልክ።

ምንይችል ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል ሸጉጦ፣ አጠገቡ ለተቀመጡ አንድ ገበሬ የድንበር ክርክር ማመልከቻ እየጻፈ ነበር። ጣቶቹ ፊደሎቹ ላይ እንዳሉ ቆሙ።

"አቤት?"

"ጳጉሜ ስድስት። አሁን ያለፈችዋ። ዛሬ ጧት ገጽህን ከፍተን ነሐሴ ውስጥ የሞተ ሰው ብለን አስገባን፤ አርባውን በአንድ ቀን አሳልፎ ነገረን። ያንተ ፕሮግራም ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ቀን አድርጎ ነው የሚቆጥራት።"

ደዋይዋ እህተማርያም ናት፤ አዲስ አበባ ዌብሳይት የሚሠራ የአንድ ድርጅት የፕሮግራመሮች ኃላፊ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ አነጋግራዋለች። ድርጅቷ ለዕድሮች የሚሆን ዌብሳይት ሊሠራ ነው፤ የእሱን ገጽ አይተው ወደውታል፤ እንጅባራ ተቀምጦ ሥራውን በኔትወርክ እየላከ እንዲቀጠር ተስማምተዋል። የቀረው ውሉን መፈረም ብቻ ነበር።

"ስህተት ማንም ይሠራል፤ አትደንግጥ" አለችው። "ግን የዕድሩ ሰዎች ዛሬ ዐሥር ሰዓት ላይ ሊያዩት ይመጣሉ። እስከ ዘጠኝ አስተካክለህ ላክልኝ። ምኑን እንደቀየርክም በሁለት መስመር ጻፍልኝ። ከዚያ ውሉን እልክልሃለሁ።"

"እሺ፣ ችግር የለም።"

በአገራችን ችግር የለም የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ጉሮሮው ድረስ የመጣበት ሰው ነው። ምንይችል ስልኩን አስቀምጦ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ፤ ሦስት ከሩብ። የገበሬውን ማመልከቻ ጨርሶ አተመ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ማናለብሽ እንደ ልማዳቸው ለባለጉዳዩ ከመስጠታቸው በፊት አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ።

"ምንይችል፣ እዚህ ላይ 'ተከሳሽ' በሚለው ፈንታ 'ሟች' ብለሃል። እኒህ ሰውዬ ጎረቤታቸውን ሊከስሱ እንጂ ሊቀብሩ አልመጡም።"

ገበሬው ሳቁ። ምንይችል አልሳቀም። ወረቀቱን ቀድዶ እንደገና ጻፈው፤ ሰውዬውን ሸኘ፤ ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ላፕቶፑን አወጣና ሶኬቱ ላይ ሰካው። ላፕቶፑ የክንዴ ነበር። ባትሪው ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ መብራት ከሌለ አይነሣም። ሲከፈት አሁንም "እንኳን ደህና መጣህ፣ ክንዴ" ይላል። ያንን ለመቀየር ብዙ ጊዜ አስቦ ነበር፤ እጁ ግን እምቢ አለው።

ክንዴ አበረ ዳንግላ ውስጥ የተወለደ፣ ከምንይችል በሦስት ዓመት የሚበልጥ ልጅ ነበር። ሁለቱም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ዩኒቨርሲቲ አልመጣላቸውም። አንድ ጊዜ ክንዴ ከባሕር ዳር በፍላሽ ተጭኖ የመጣ የፕሮግራም መማሪያ አገኘ፤ በዚያች ፍላሽ ሁለት ዓመት ተማሩ። ክንዴ ገብቶት ያስረዳል፤ ምንይችል እየቆየ ይገባዋል። የሥራ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ያመለክታሉ። "ዲግሪህ የምንድን ነው?" ሲባሉ ሁለቱም ማመልከቻቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ምንይችል ብቻውን ዐሥራ አምስት ቦታ አመልክቷል፤ አንድም የሠራኸውን አሳየን ያለው አልነበረም።

ከሠሩት ሁሉ ለሰው የሚታይ የነበረው የክንዴ ገጽ ነው። ሰው የሞተበትን ቀን ስታስገባ ሣልስቱን፣ ሰባቱን፣ ሠላሳውን፣ አርባውን፣ ሰማንያውን፣ መንፈቁንና ሙት ዓመቱን ቀን ከነዕለቱ ቆጥሮ ይሰጥሃል። ወላጆቻቸው አገር ቤት የሞቱባቸው የከተማ ልጆች ወደዱት። ክንዴ ራሱ በነሐሴ መጀመሪያ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። የወፍ በሽታ ነው ተባለና ጠበል ገባ፤ ሆስፒታል ሲደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። ነሐሴ ስምንት ማታ ሞተ፤ በማግስቱ ተቀበረ። እናቱ እማማ ደብሪቱ ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልለው ለምንይችል ሰጡት። "ዓይኑ አንተ ነህ" አሉት።

ያ ዓይን ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቆይ፣ ከገጹ ግርጌ "ክንዴ አበረ" የሚለውን አጥፍቶ "ምንይችል መሳፍንት" አለና ስልኩን ጻፈበት። ያን ዕለት ለራሱ የነገረው ነገር ነበር። የሞተ ሰው ስልክ አያነሣም፤ ሥራው አብሮት ከሚቀበር እኔ ባነሣለት ምን አለበት አለ። ነገሩ እውነት ይመስል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ክንዴ ከኋላው አልጠፋም።

በሕይወት ሳለ ክንዴ የሽምብራ ቆሎ እየቆረጠመ ከወንበር ኋላ ቆሞ ሥራውን የማየት ልማድ ነበረው። አሁን ምንይችል ላፕቶፑን ከፍቶ በተቀመጠ ቁጥር ከኋላው ያ ቆሎ ሲቆረጠም ይሰማዋል። ዞር ሲል ያለው ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ነው። መናኸሪያው ውስጥ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ከፊቱ ማጅራቱ የክንዴን የመሰለ ሰው ያያል፤ ቀርቦ ሲያይ ሌላ ነው። ፈርቶ ነበር፤ ፍርሃቱንም ለማንም አልተናገረም፤ ምክንያቱን ሳይናገር ፍርሃቱን መናገር አይችልማ።

የፕሮግራሙን ኮድ ከፈተ። ጳጉሜ የምትቆጠርበትን ቦታ ለማግኘት ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ከላይዋ ላይ፣ ፕሮግራመሮች ለራሳቸው ማስታወሻ በሚጽፉበት መስመር፣ ክንዴ በአማርኛ እንዲህ ብሎ ነበር፦ "ጳጉሜ ስድስት ስትሆን ገና አልሠራሁትም። 2007 መጨረሻ ላይ ትመጣለች። በኋላ።"

ምንይችል በኋላ የሚለውን ቃል ደጋግሞ አነበበው። ስሙን ያጠፋ ዕለት በዚህች መስመር ላይ አልፎ ወርዷል። የሚፈልገው ከግርጌ ስለነበረ አላነበባትም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሱ ግን ማፍሰሱንም ሳያውቅ ነው ወር የከረመው።

ያኔ ነው ሌላው ነገር የመጣበት። ወረቀት ሳበና በጣቱ እየቆጠረ ጻፈ። ከነሐሴ ስምንት እስከ ሠላሳ ሃያ ሦስት ቀን። ጳጉሜ ስድስት ቀን፤ ሃያ ዘጠኝ። አርባ ለመሙላት ዐሥራ አንድ። መስከረም ዐሥራ አንድ። ዛሬ መስከረም ዐሥር ነው።

የክንዴ አርባ ነገ ነበር። ሰው ሁሉ የተጠራው ግን ለረቡዕ፣ ለመስከረም ዐሥራ ሁለት ነው። ጥሪውን ያተመው ምንይችል ራሱ ነው፤ እዚሁ ማሽን ላይ።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ውስጥ የሆነውን አስታወሰ። የእማማ ደብሪቱ የነፍስ አባት ቄስ አዝመራው በጣታቸው ቆጥረው አርባው መስከረም ዐሥራ አንድ ነው አሉ። ምንይችል ደግሞ ስልኩ ላይ የክንዴን ገጽ ከፍቶ ዐሥራ ሁለት ይላል አለ። ቄሱ ጥቂት አሰቡ። ያን ጊዜ እማማ ደብሪቱ፣ "ልጄ ራሱ የቆጠረው ነው። በገዛ ቀኑ እሱ ያለው ይሁንለት" አሉና አለቀሱ። እናት እንዲህ ካለች በኋላ ማን ይከራከራል?

"ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መሰለ" አሉት ወይዘሮ ማናለብሽ።

ነገራቸው። ስሙን ማጥፋቱን ግን አልነገራቸውም፤ የቀኑን ብቻ።

"ደውልላት።"

"ስልካቸውን ክንዴ ከሞተ ወዲህ ከፍተውት አያውቁም። የሚደውልልኝ እሱ ነበር ብለው ሣጥን ውስጥ ጨመሩት። የቄሱም ቁጥር የለኝም።"

"ይሄን ሥራህን ጨርሰህ ነዋ የምትሄደው።"

"እስከ ዘጠኝ ይወስድብኛል። ከዚያ መኪና እስኪሞላ፣ እስክደርስ ይመሻል። ፍትሐቱ ነገ ጧት መሆን አለበት፤ ካህናቱ ዛሬ ካልተነገራቸው ማን ይቆማል?"

ወይዘሮ ማናለብሽ መነጽራቸውን በሻሽ ጫፍ እየጠረጉ አዩት። "ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ሥራ ሥራ ስትል ነው የማውቅህ። እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።"

ለማስተካከል ሞከረ። አንዱን ቁጥር ሲነካ የአምናው ቀን ተዛባ፤ የአምናውን ሲመልስ ሰማንያው ጠፋ። ክንዴ ያሰረው ቋጠሮ ነበር፤ ሲታሰር ምንይችል አላየም። እህተማርያም ምኑን እንደቀየርክ ጻፍልኝ ያለችው ነገር ጆሮው ላይ ጮኸ። ቀኑን ሙሉ ቢቀመጥ ይፈታው ነበር፤ ያንን ያህል ተምሯል። ከኋላው ሽምብራ ተቆረጠመ። በዚህ ጊዜ አልዞረም። ላፕቶፑን ዘጋና ተነሣ።

ሚኒባሷ ከመናኸሪያ ሞልታ ስትወጣ አምስት ሰዓት ሊሆን ነበር። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ መስኮቶቹ በትንፋሽ ታፍነዋል። አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ለከሰል የሚተከለው ዛፍ በመስመር በመስመር ቆሞ፣ ከሥሩ ጭስ ይወጣል፤ የከሰል ማዳበሪያዎች አስፋልቱ ዳር ሸራ ለብሰው ተደርድረዋል። ምንይችል የሚናገረውን በልቡ እያጠና ሄደ። ማሽኑ ተሳስቷል እላለሁ፤ ከዚያ በላይ ምን አገባቸው፤ የኮምፒውተር ነገር ለእሳቸው ምን ይገባቸዋል። ይህን እያለ ዳንግላ ደረሰ፤ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር።

እማማ ደብሪቱ ግቢያቸው ውስጥ ከአንዲት ጎረቤታቸው ጋር እንስራ ያጥባሉ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ከስተዋል። ሲያዩት ፊታቸው በራ።

"ምንይችል። ለረቡዕ ትመጣለህ ብዬ ዛሬ መጣህልኝ? ምነው፣ ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ እማማ። እርስዎስ እንዴት ከረሙ? እማማ… የአርባው ቀን ተሳስቷል። ረቡዕ አይደለም፤ ነገ ነው።"

እጃቸው እንስራው ውስጥ እንዳለ ቀረ። "ምን አልክ?"

"ነገ ነው። ጳጉሜ ስድስት ነበረች፤ ማሽኑ አምስት ብሎ ቆጠራት።"

"ቄስ አዝመራው ያሉት ልክ ነበራ?"

"ልክ ነበሩ።"

እማማ ደብሪቱ እጃቸውን አውጥተው በቀሚሳቸው አበሱት። "እንግዲህ ልጄ ነው የተሳሳተው" አሉ ቀስ ብለው። "በገዛ ቀኑ።"

"ሙት አይወቀስም፣ እትዬ ደብሪቱ" አለች ጎረቤቲቱ።

ይህ በር ነበር፤ ወለል ብሎ የተከፈተ። አዎ ቢል ሁሉም ነገር እዚያው ያልቃል። ክንዴ አይከራከረውም፤ እናቱ ይቅር ይሉታል፤ እሱም ደግ ወዳጅ ሆኖ ይመለሳል። ምንይችል አፉን ከፈተ። ያጠናው ቃል ግን አልወጣም፤ እማማ ደብሪቱ ልጃቸው ስህተተኛ መሆኑን ሊቀበሉ ተዘጋጅተው ሲያዩት፣ ያን ዓይን መቋቋም አልቻለም።

"አልተሳሳተም" አለ። "ክንዴ ያውቅ ነበር። ጳጉሜ ስድስት ስትሆን ገና አልሠራሁትም፣ በኋላ ብሎ ጽፎ አስቀምጦት ነበር። እኔ ነኝ ያላነበብኩት።"

"አንተ ዘንድ አይደል እንዴ ያለው? ስትከፍተው ከርመህ?"

"ከፍቼው ነበር። ግን ላነብ አልነበረም እማማ። ስሙን ላጠፋ ነበር።"

"የማንን ስም?"

"የክንዴን። ሥራው ላይ ከግርጌ የተጻፈውን። እሱን አጥፍቼ የእኔን ጻፍኩበት፤ ሥራ ላገኝበት። እኔ ነኝ የሠራሁት አልኳቸው።"

ጎረቤቲቱ ቀና ብላ አየችው። እማማ ደብሪቱ ወደ እሷ ዞረው በአዊኛ የሆነ ነገር ተናገሩ። ምንይችል አዊኛ አይሰማም፤ ክንዴ ነበር የሚተረጉምለት። ጎረቤቲቱ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ቤት ገባች። ያሉትን አለማወቁ ከስድብ ይልቅ አስፈራው።

"እግዜር ከቤቴ ወሰደብኝ" አሉ እማማ ደብሪቱ በአማርኛ። "አንተ ደግሞ ከሥራው ላይ።"

"ይቅር ይበሉኝ።"

"እሱን ኋላ እናያለን። አሁን ቁጭ ብዬ የምቆጣበት ጊዜ የለኝም።" እንስራውን አጋድመው ተነሡ። "ልጄ በአርባው ቀን ማንም ሳይጸልይለት ሊቀር ነበር። ሰው ሁሉ ረቡዕ ነው የሚያውቀው። መጀመሪያ ቄስ አዝመራው ዘንድ ሂድ። ከዚያ በየቤቱ ዞረህ ንገር። የገጠሮቹን እኔ በገበያተኛ እልክባቸዋለሁ።"

"ጠላው አልደረሰም እኮ" አለች ጎረቤቲቱ ከበሩ ላይ።

"ጠላውን ረቡዕ ይጠጡት። ጸሎቱ ነው ቀን የሚያልፍበት።"

ቄስ አዝመራውን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው አገኛቸው። ነገሩን ሲሰሙ ጢማቸውን አሻሹ።

"ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ ስድስት ናት። ያን ዕለትም ይህንኑ አስቤ ነበር። ግን ከቀብሩ ቀን የጀመራችሁ መስሎኝ ተውኩት።"

"ለምን አልተናገሩም አባቴ?"

"እናቲቱ ስታለቅስ አይደል? እኔም አንድ ቀን ለልጇ ብትለቅለት ምን አለ አልኩ። ጥፋት ነው፤ የእኔም ድርሻ አለበት።" ተነሡ። "ካህናቱን እኔ አሰባስባለሁ። ጧት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንጀምራለን። ሰዉን አንተ ጥራ።"

በየቤቱ በር ላይ አቁመው ይጠይቁታል። አንዷ "ለምን ተቀየረ?" ትላለች፤ ሌላው "ቀድሞስ ማን ነው የቆጠረው?" ይላል። ምንይችል "እኔ ነኝ" ይላል። በመጀመሪያው ቤት ላይ አንገቱን ደፍቶ አጉተመተመው፤ ደግመው ጠየቁት። በአራተኛው ላይ እንደ ስሙ ቀለል አለው። ጭቃው ጫማው ላይ ከብዷል። አንድ ሰው ቀድሞት ሲሄድ ማጅራቱ የክንዴን መሰለው፤ ሰውዬው ዞሮ "ደህና ዋልክ" አለው፤ የማያውቀው ሰው ነበር።

ስምንተኛው ቤት ደጃፍ ላይ ሲደርስ ስልኩ ጠራ። እህተማርያም ናት። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

"ጨረስክ?"

"አልጨረስኩም። ዳንግላ ነኝ።"

"ዳንግላ? ምን ትሠራለህ? ሰዎቹ እኮ ከአንድ ሰዓት በኋላ እዚህ ናቸው። ላፕቶፕ ይዘሃል?"

"አልያዝኩም።"

"ምንይችል፣ እየቀለድክ ነው?"

"አይደለም። ወይዘሪት እህተማርያም፣ ያን ፕሮግራም የሠራው ሰው አርባው ነገ ነው።"

ከኋላዋ ሰዎች ይነጋገራሉ፤ የሆነ ሰው በፍጥነት ይጽፋል።

"አልገባኝም" አለች። "አንተ አይደለህም እንዴ የሠራኸው?"

"አይደለሁም። ክንዴ አበረ የሚባል ልጅ ነው። ነሐሴ ስምንት ሞተ። የጳጉሜዋን ነገር ያውቃት ነበር፤ በኋላ እሠራታለሁ ብሎ ጽፎባታል። በውሸት ነው ያገኘሁዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"እና አንተ? አንተስ ራስህ የምትሠራው ምንድን ነው?"

ጥያቄው ቁጣ ይሁን ወይም የምር ጥያቄ ይሁን ሊለየው አልቻለም። ሊናገር የሚችለው ብዙ ነበር። ሦስት ትንንሽ ገጾች አሉኝ፣ ደካማ ናቸው፣ ግን የእኔ ናቸው ሊል ይችል ነበር። ነገ ማታ ድረስ ጊዜ ይስጡኝ ብሎ ሊለምን ይችል ነበር፤ ልቡም ሊለምን ዳድቶት ነበር። ከፊቱ የተዘጋ የቆርቆሮ በር አለ፤ ከበሩ ወዲያም ለረቡዕ የተዘጋጀ ሰው።

"አሁን ለሰው ቀኑን እየነገርኩ ነው" አላት። "አሥራ ሁለት ቤት ይቀረኛል። ደህና ይዋሉ።"

ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተና በሩን አንኳኳ። ውሻ ጮኸ። ከውስጥ አንድ አሮጌ ድምፅ "ማነው?" አለ።

"ምንይችል ነኝ፤ የክንዴ ጓደኛ" አለ። "አርባው ነገ ነው። ቀኑን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"